የባሕር ዛፍ ሽታ የተምች ወጥመድ ያበላሻል?

ጥያቄው የመጣው በምዕራብ ጎጃም ከሚሠሩ የልማት ሠራተኛ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው። «በበቆሎ ማሳ ላይ ለአሜሪካ መጤ ተምች የፌሮሞን (ሴቷ ወንዱን የምትጠራበት ሽታ) ወጥመድ ሰቅለናል። ሉሩ (ሽታውን የሚለቀው ማባበያ) አንድ ዓይነት ነው፣ የተሰቀለውም በአንድ ቀን ነው። በመንገዱ በኩል ከማሳው ዳር ያለው ወጥመድ ብዙ ይይዛል። መሀል ያለው ያነሰ ይይዛል። ባሕር ዛፉ ጥግ ያለው ደግሞ ባዶውን ነው የሚያድረው። ባልደረባዬ የባሕር ዛፉ ሽታ ፌሮሞኑን ውጦት ነው ይላል። እውን የዕፅዋት ሽታ ወንዱን ከሴቷ ሽታ ያዘናጋዋል? እንዲያ ከሆነስ የበቆሎ ሽታ ጨምረንበት ወጥመዱን ማጠናከር አንችልም?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ባጭሩ ልመልስና ወደ ዝርዝሩ ልግባ። አዎ፣ የዕፅዋት ሽታ ወንዱ የእሳት እራት (አድጎ ክንፍ ያወጣው ተምች) ለፌሮሞን የሚሰጠውን ምላሽ ይለውጣል። አንዳንዱ ሽታ ያጠናክረዋል፣ አንዳንዱ ያደክመዋል። የእርስዎን ወጥመድ ባዶ ያስቀረው ግን የባሕር ዛፉ ሽታ ነው ብዬ አልፈርድም። ዛፉን እጠረጥረዋለሁ፤ የምጠረጥረው ግን ስለ ሽታው አይደለም።

መጀመሪያ ወጥመዱ ውስጥ ያለችውን ነገር እንያት። ያቺ የጎማ ክዳን የምትመስል ሉር የሴቷን ሽታ አስመስሎ የተሠራ ኬሚካል የተነከረባት ናት። በመጤው ተምች ሉር ውስጥ ዋናው ዜድ-9-ቴትራዴሲኒል አሲቴት የሚባለው ነው። ከሱ ጋር በጣም ጥቂት ዜድ-7-ዶዴሲኒል አሲቴት ይገባል። ይህ ሁለተኛው በመጠን ኢምንት ነው፤ እሱ ከሌለ ግን ወንዱ ወደ ወጥመዱ እንደ ልብ አይመጣም። «ዜድ-7» የሚለውን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሽታው ከሉሩ ሲወጣ አየሩን እኩል አይሞላውም። ነፋሱ ይቆራርጠዋል፣ ቀጫጭን ክር ያደርገዋል። በክሮቹ መሀል ሽታ የሌለበት አየር አለ። ወንዱ አንዱን ክር ሲነካ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ወደፊት ይበራል። ክሩ ሲጠፋበት ግራና ቀኝ እየተመላለሰ ይፈልገዋል። ሲያገኘው እንደገና ወደፊት። ውሳኔው ሁሉ በሰከንድ ክፍልፋይ ነው የሚያልቀው። የሚገርመው፣ ሽታው ሳይቆራረጥ አየሩን እኩል ቢሞላው ወንዱ ወደ ምንጩ መብረሩን ያቆማል። ብዙ ሽታ መኖሩ አይበቃውም። ተቆራርጦ መድረስ አለበት።

አሁን ወደ ባሕር ዛፉ። ረድፍ ዛፍ ነፋስ ይሰብራል። ከዛፉ ጀርባ አየሩ ይሽከረከራል፣ አቅጣጫው ይምታታል፣ የሽታው ክር ሩቅ ሳይሄድ ይበታተናል። ነፋሱ ማታ ማታ ከማሳው ወደ ዛፉ የሚነፍስ ከሆነ ደግሞ ባሰ፤ ሽታው የሚሄደው ተምች ወደሌለበት ዛፍ ውስጥ ነው። በመንገዱ በኩል ያለው ወጥመድ ግን አየር ያገኛል፣ ሽታውም ወደ በቆሎው ይዘልቃል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለዚህ ነው፦ ከመሸ በኋላ ነፋሱ ከየት ወደ የት ነው? ቀን ላይ ያለው ነፋስ እዚህ ላይ ምንም አይነግረንም። ይህ ተምች የሌሊት በራሪ ነው።

መሀል ያለው ወጥመድ ማነሱም ብዙ አያስደንቅም። በቆሎው አድጎ ወጥመዱን ውጦት ይሆናል። ሲተከል ከመሬት አንድ ሜትር ከሩብ ገደማ ላይ ይሰቀላል፤ በቆሎው ሲያድግ ግን ከጫፉ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ እያለ መሄድ አለበት። ብዙ ቦታ አንዴ ተሰቅሎ እዚያው ይቀራል። ሌላም ነገር አለ። ማሳው ራሱ በሴት የእሳት እራቶች ከተሞላ ሉሩ ከብዙ ጠሪዎች አንዷ ብቻ ናት። እውነተኛዋ ሴት እያለች ወንዱ ጎማ ጋ ለምን ይመጣል?

ይህን ካልን ዘንዳ ሽታውን በቁም ነገር እንየው።

የባሕር ዛፍን፣ በተለይ የነጩን፣ ሽታ በዋናነት የሚሠራው ሲኒዮል የሚባል ነገር ነው። ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን አፍልተን የምንታጠነው ለሱ ብለን ነው። ለኛ አፍንጫ ኃይለኛ የሆነ ሽታ ሁሉ ግን ለእሳት እራትም ኃይለኛ ነው ማለት አይደለም። ለኛ ከነጭራሹ የማይሸተን ነገር ወንዱን ሊያሳብደው ይችላል። ፌሮሞኑ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ሉሩን አፍንጫዎ ሥር ቢያስጠጉት ከጎማ ሽታ የዘለለ ነገር አያገኙም። ስለዚህ «ይከረፋል፣ ስለዚህ ይሸፍነዋል» የሚለው ክርክር አያስኬድም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ይህ ሽታ ፌሮሞን የሚጠብቁትን የነርቭ ሴሎች ይነካቸዋል ወይስ አይነካቸውም?

የወንዱ አንቴና በጥቃቅን ፀጉሮች የተሸፈነ ነው። ከነዚህ ብዙዎቹ ሥራቸው የሴቷን ሽታ መጠበቅ ብቻ ነው። በውስጣቸው ያሉት የነርቭ ሴሎች መልእክታቸውን የሚያደርሱት አንጎል ውስጥ ለፌሮሞን ወደ ተለየ ክፍል ነው። የቅጠልና የአበባ ሽታ የሚደርሰው ከጎኑ ወዳሉ ሌሎች ክፍሎች ነው። ለረጅም ጊዜ ሁለቱ መስመሮች አይነካኩም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ይነካካሉ። አንድም አንቴናው ላይ፣ አንድም አንጎል ውስጥ።

በአንቴናው እንጀምር። ቆራጭ ትልን ያውቁታል፤ ችግኙን ከሥሩ ቆርጦ የሚጥለው። በሳይንሱ ስም አግሮቲስ ኢፕሲሎን ነው። የዚህ ትል ሴት የምትለቀው ሽታ ውስጥ ያ ዜድ-7 አለበት፤ ዜድ-9ም አለበት። ከመጤው ተምች ጋር በዚህ በኩል ዘመዳሞች ናቸው። ፈረንሳይ ውስጥ የሠሩ ተመራማሪዎች የዚህን ትል ወንድ ይዘው ሄፕታናል በሚባል ሽታ ሞከሩት። ሄፕታናል ሊንደን ከሚባለው ዛፍ አበባ የሚወጣ ሽታ ነው፤ የእሳት እራቶቹም ወደዚያ አበባ ይሄዳሉ። ሄፕታናል አየሩ ውስጥ ሲኖር ዜድ-7ን የሚጠብቁት ሴሎች ለፌሮሞኑ የሚሰጡት ምላሽ ቀነሰ። ምክንያቱም ሄፕታናል ራሱ እነዚያን ሴሎች ይቀሰቅሳቸዋል። ለፌሮሞን ብቻ ተብሎ የተሠራ ሴል በአበባ ሽታ ሲነቃ ማንም የጠበቀው ነገር አልነበረም። ቡና ሲቆላ ከውጭ የገባው ሰው ሽታው ያውደዋል፤ ምጣዱ አጠገብ የቆየው ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብዙም አይሸተውም። ሴሉ ላይ የሚሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፣ ቀድሞ በሌላ ነገር ተይዟል።

ሌላው ምሳሌ ሊናሎል ነው። ድንብላል ሲወቀጥ የሚሸተው በአብዛኛው ሊናሎል ነው፣ በሶብላም ውስጥ አለ። ብዙ አበቦችና ቅጠሎች ይለቁታል። ስፖዶፕቴራ ሊቶራሊስ በሚባለው የጥጥ ቅጠል በል ትል ላይ ሲሞከር፣ ሊናሎል የወንዱ ሴሎች ለፌሮሞን የሚሰጡትን ምላሽ ያዳክማል። ይህ ትል የመጤው ተምች የቅርብ ዘመድ ነው፤ የሁለቱም የመጀመሪያ ስም ስፖዶፕቴራ ነው። ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ምላሹ ቢደክምም ቶሎ ያበቃል። ቶሎ ሲያበቃ ሴሉ ቀጥሎ የሚመጣውን የሽታ ክር ለይቶ ለመያዝ ዝግጁ ይሆናል። ክር እየተከተለ ለሚበር ወንድ ይህ ጉዳት ብቻ ላይሆን ይችላል። «ሸፈነው» የሚለውን ቃል የማልወደው ለዚህ ነው፤ ነገሩ ከዚያ የረቀቀ ነው።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ይመልከቱ። አሜሪካ ውስጥ የበቆሎ እሸት የሚበላ ሄሊኮቨርፓ ዚያ የሚባል ትል አለ። የኛ የጓይ ትል የቅርብ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ሥራ የዚህ ትል ወንድ አንቴና ላይ ፌሮሞን ብቻውንና ከዕፅዋት ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ተሞከረ። ሊናሎል ሲጨመርበት ፌሮሞን ጠባቂው ሴል ይበልጥ ተቀሰቀሰ። አዲስ ከተቆረጠ ሣር የሚወጣው የቅጠል ሽታም እንዲሁ አደረገ። ያው ሊናሎል ነው! አንዱ ትል ላይ ያደክማል፣ ሌላው ላይ ያጠናክራል። ስለዚህ ማንም መጥቶ «ይህ ሽታ ፌሮሞን ያጠፋል» ቢልዎት «የየትኛውን ነፍሳት?» ብለው ይጠይቁት።

አንጎል ውስጥ ያለውን ለማየት ወደ ሐር ትል እንሂድ። በዓለም የመጀመሪያው የነፍሳት ፌሮሞን የተለየው ከዚህች ፍጡር ነው፤ ጀርመናዊው ቡተናንት እ.ኤ.አ. በ1959 ከግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሴቶች ጥቂት ሚሊ ግራም አውጥቶ። ጃፓኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የወንዱን አንጎል ነርቭ እየለኩ የቅጠል ሽታ ከፌሮሞኑ ጋር ሰጡት። በፌሮሞኑ ክፍል ውስጥ ያሉት ነርቮች ምላሻቸው ጨመረ። ይህን ስታዩት ያስኬዳል። የሐር ትል ሴት የምትገኘው እንጆሪ ቅጠል ባለበት ነው። «ሴት አለች» የሚለው መልእክት «ምግብም አለ» ከሚለው ጋር ሲመጣ የበለጠ ይታመናል።

ወንዱ ራሱም አንድ ዓይነት ሆኖ አይቆይም። የቆራጭ ትሉ ወንድ ሴት ሳያገኝ በፊት የአበባ ሽታና ፌሮሞን ተቀላቅለው ሲመጡ ይወዳል። ተገናኝቶ ሲያበቃ ግን ለዚያ ሌሊት ለፌሮሞን ጀርባውን ይሰጣል። አበባው ላይ ፌሮሞን ሲጨመርበት እንኳ አበባው ብቻውን ቢሆን ይመርጣል። አሁን የራበው ሌላ ነው። የጥጥ ቅጠል በሉ ትል ደግሞ ልጅነቱን አይረሳም፤ በትልነቱ የበላው ተክል ካደገ በኋላ በሚመርጠው ላይ አሻራ ይተዋል። በወንዱም በሴቷም። ከበቆሎ ላይ የወጣና ከሌላ ሰብል ላይ የወጣ ወንድ አንድ ወጥመድ ፊት ሲደርሱ እኩል ላይሳቡ ይችላሉ ማለት ነው።

ሴቷን እንዳንረሳ። ስለ ወጥመድ ስናወራ ወንዱ ላይ ብቻ እንጠመዳለን። የሄሊኮቨርፓ ዚያ ሴት ግን በቆሎ ሳታገኝ ፌሮሞን ማምረቷን ታዘገያለች። ከበቆሎው ፀጉር ከሚወጡት ነገሮች አንዱ ኤትሊን ነው፣ ያው ሙዝና ቲማቲም የሚያበስለው ጋዝ። እሱ ሲደርሳት ፌሮሞን ማምረት ትጀምራለች። አሜሪካዊው የግብርና ተመራማሪ ራይና ከባልደረቦቹ ጋር ይህን እ.ኤ.አ. በ1992 አሳትሟል። እኔን ከዚህ ሁሉ ምርምር ይበልጥ የሚመስጠኝ ይሄኛው ነው። እንቁላል የምትጥልበት ተክል ሳይኖር ባል መጥራት ምን ያደርግላታል?

እንግዲህ ወደ እርስዎ ማሳ እንመለስ። የበቆሎ ተክል በትል ሲበላ ዝም አይልም። ሊናሎል ይለቃል። ዲኤምኤንቲ በሚል አጭር ስም የሚታወቅ ሌላ ሽታም ይለቃል። ትሉን የሚያጠቁ ጥቃቅን ተርቦች ይህን ሽታ ተከትለው ይመጣሉ። ጥጥም ሲበላ ዲኤምኤንቲ ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ይህ ሽታ የጥጥ ቅጠል በሉን ትል ሴት ከተክሉ፣ ወንዱን ደግሞ ከፌሮሞኑ ያቀዛቅዘዋል። የተበላ ተክል መጥፎ ጎጆ ነው፤ እዚያ ተገናኝቶ ልጅ መውለድ አያዋጣም።

ይህ ለመጤው ተምችም በዚያው ልክ ይሠራል ብዬ አልምልልዎትም፤ ከላይ እንዳየነው ዘመድ ከዘመድ ይለያል። የኔ ግምት ግን ይህ ነው፦ በማሳዎ ውስጥ የወጥመዱን ቁጥር የሚነካ ሽታ ካለ ከባሕር ዛፉ ይልቅ የተበላውን በቆሎ ነው የምጠረጥረው። መሀል ያለው ወጥመድ ዙሪያውን የተጎዳ በቆሎ ካለው ቁጥሩ ማነሱ ተምች አለመኖሩን አያሳይም። እንዲያውም ተቃራኒው ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ወጥመድ ማስጠንቀቂያ እንጂ ፍርድ አይደለም የምንለው። የወጥመድ ቁጥር ሲያንስ ማሳ መውረድን የሚተካ ነገር የለም። ቅጠሉን ገልጦ የእንቁላል ክምር፣ የመስኮት ቅርጽ ያለው ጭረት፣ እንቡጡ ውስጥ ያለ ኩስ ማየት ግድ ነው።

«ሽታ እንጨምርበት?» ወደሚለው ልምጣ። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። በዓለም ላይ በጣም የተሳካለት ምሳሌ የአፕል ትል ነው፣ ሲዲያ ፖሞኔላ። በብዙ የአፕል እርሻዎች ወንዱን ለማደናገር ሲባል አየሩ በፌሮሞን ይሞላል። ችግሩ፣ እንዲህ ሲደረግ መቆጣጠሪያ ወጥመዶቹም አብረው ይታወራሉ። ትሉ ይኑር አይኑር ማወቅ ያቅታል። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካኖች ከበሰለ ፒር ፍሬ ሽታ ውስጥ አንድ ነገር ለዩ። የፒር ኤስተር ይሉታል። ይህ ሽታ ወንዱንም ሴቷንም ይጠራል። ከፌሮሞኑ ጋር በአንድ ሉር ሲገባ በተሞላው አየር ውስጥም ወጥመዱ ይሠራል። አሲቲክ አሲድ ሲታከልበት ደግሞ ብዙ ሴቶች ይይዛል። በኋላ አንጎሉ ሲታይ ሁለቱ ሽታዎች የሚገናኙት በዚያው በፌሮሞኑ ክፍል ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ፒር ኤስተርን የሚቀበለው ተቀባይም ከፌሮሞን ተቀባዮች ቤተሰብ ወጣ።

በጢንዚዛዎች ዘንድ ደግሞ ይህ የተለመደ ነው። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ቴምርን የሚያጠፋውን ቀይ ጢንዚዛ ለመያዝ ባልዲው ውስጥ ከፌሮሞኑ ሉር ጋር ቴምርና ውኃ ይጨመራል፤ ሲቦካ የሚወጣው ሽታ ነው ወጥመዱን ሙሉ የሚያደርገው። የዚያ ጢንዚዛ ፌሮሞን ግን ወንዱ የሚለቀውና ሁለቱንም ፆታ የሚሰበስብ ነው። ከተምቹ ጋር አንድ አያድርጓቸው።

የበቆሎ ቅጠል ቀጥቅጦ የወጥመዱ ባልዲ ውስጥ መክተት ግን አይመከርም። የተቀጠቀጠ ቅጠል መጀመሪያ የሚለቀው የተቆረጠ ሣር ሽታ ነው፣ እሱም ቶሎ ያልቃል። ከሰዓት ያደረጉት ቅጠል ተምቹ በሚበርበት ሰዓት ሌላ ነገር ሆኖ ይጠብቀዋል። በነጋታው ይሻግታል፣ ሌላ ሽታ ያመጣል፣ ዝንብ ይሞላል። የፒር ኤስተር ሉር የሠራው የሽታው ዓይነትና መጠን ተለክቶ ቀስ እያለ እንዲለቅ ተደርጎ ስለተዘጋጀ ነው።

በምትኩ ቀላሉን ሙከራ ይሥሩ። የባልደረባዎን ነገር የሚፈታው ይሄ ነው። ሦስቱንም ሉሮች በአንድ ቀን፣ ከአንድ እሽግ በወጡ አዲስ ሉሮች ይቀይሯቸው። ሉር በአየሩ ሙቀት መጠን ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ነው የሚያገለግለው፤ ያረጀና አዲስ ከተቀላቀለ ንጽጽር የለም። በየቆጠራው ባልዲዎቹን ከነሉራቸው ቦታ ያቀያይሯቸው፦ የዛፉ ጥግ ወደ መንገድ፣ የመንገዱ ወደ መሀል፣ የመሀሉ ወደ ዛፉ። ባዶነቱ ከባልዲው ጋር ከተጓዘ ችግሩ ሉሩ ወይም ባልዲው ነው። ዛፉ ጥግ ከቀረ ችግሩ ቦታው ነው። ቦታው ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ ወጥመድ ከዛፉ ረድፍ ራቅ አድርገው፣ ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ይስቀሉ፤ ሽታው ከዛፉ እየመጣም ቁጥሩ ከተስተካከለ ባልደረባዎ ተረታ ማለት ነው።

ሉር ሲነኩ ጓንት ያድርጉ። የቲማቲም ትል ሉር በነካ እጅ የተምች ሉር ከነኩ ሁለቱን ያበላሿቸዋል፤ ይህ ከባሕር ዛፍ ሽታ ይልቅ ብዙ ወጥመድ ያበላሸ ነገር ነው። ትርፍ ሉር ፍሪጅ ውስጥ፣ በተለይ ማቀዝቀዣው ክፍል፣ እንደታሸገ ይቀመጥ።

ከመቁጠርዎ በፊት ደግሞ ምን እንደያዙ ይዩ። በአፍሪካ የመጤው ተምች ሉር ሉካኒያ ሎሬይ የሚባል የእሳት እራትም ይስባል። እሱ የገለባ መልክ አለው፣ ክንፉ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ብቻ ናት ያለችው። የመጤው ተምች ወንድ ግራጫና ቡኒ የተቀላቀለበት ነው፤ የፊት ክንፉ ጫፍ ላይ ጎላ ያለ ነጭ ምልክት አለው። መንገድ ዳር ያለው «ብዙ ይይዛል» ያሉት ወጥመድ ውስጥ ስንቱ እውነተኛ ተምች እንደሆነ ለይተው ይቁጠሩ፤ የመንገዱ ዳር ሣር ካለበት ይህኛው እንግዳ እዚያ ሊበዛ ይችላል።